ያውቁ ኖሯል? ኋላ የተለመደው ቋንቋ ቀድሞ ይደበዝዛል

በካምፓላ ማኪንድዬ ክፍለ ከተማ፣ ካባላጋላና ካንሳንጋ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። ከእነሱ በአንዱ ላይ የመርሳት በሽታ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው በጎልማሳነት የለመዱት ቋንቋ ነው። ትናንት ገበያ ላይ በሉጋንዳ ዋጋ ሲከራከሩ የነበሩ እናት ዛሬ ለጎረቤታቸው በአማርኛ ብቻ ቢመልሱ ኩራት እንዳይመስልዎ።

«ጃጁ» ብሎ መተው ልማዳችን ነው፤ እርጅና ግን ብቻውን የመርሳት በሽታን አያመጣም። ከሕመምተኞቹ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አልዛይመር አለባቸው። አልዛይመር የቅርቡን ይነጥቃል፦ ወጡ ሁለቴ ጨው ይጨመርበታል፣ የሠርጋቸው ቀን ግን አይጠፋቸውም። ስትሮክ ያስከተለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ አእምሮን እንደ ደረጃ በየጊዜው ድንገት ዝቅ ያደርጋል። የሌዊ አካላት የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌለ ሰው ያሳያል፤ «መንፈስ ነው» ተብሎ ሐኪም ሳያየው የሚቀርም አለ። ጠባይን ቀድሞ የሚለውጥ ዓይነትም አለ።

የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባትና ድብርት የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ስለዚህ ምልክቱ የታየባቸውን አዛውንት ያስመርምሯቸው፤ ሲሄዱም የአማርኛ አስተርጓሚ አይለያቸው።