ያዩ፦ የነገው ቡና የሚጠበቅበት ደን

የጤፍ ወይም የስንዴ ዘር በደንብ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ከተቀመጠ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። የቡና ዘር ግን ድርቀትንም ቅዝቃዜንም ስለማይችል የመብቀል አቅሙን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ የቡናን ዘረመል ለማቆየት ዋናው መንገድ ተክሉን በሕይወት ማቆየት ነው። በኢሉባቦር የሚገኘው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የያዩ ደን ትልቁ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። 167 ሺህ ሄክታር ገደማ በሚሸፍነው በዚህ ስፍራ፣ ዐረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል።

በዓለም እርሻዎች የሚለማው ዐረቢካ በአብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ተክሎች የተራባ ነው። ተክሉ በራሱ የአበባ ብናኝ የሚራባ በመሆኑም በእርሻዎቹ ያለው የዘረመል ልዩነት ጠባብ ነው፤ አንዱን ዛፍ የጣለ በሽታ ጎረቤቱንም ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1869 በሲሎን የታየው የቅጠል ዋግ የደሴቲቱን የቡና እርሻ ያጠፋው በዚህ ዓይነት ነው። ለጋ ፍሬን የሚያጠቁር ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የጅማ ተመራማሪዎች በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ በበሽታው መሀል ጤነኛ ሆነው የቀሩ ዛፎችን ፈልገው አገኙ። ከእነዚህ አንዱ፣ ከመቱ አካባቢ የተመረጠው 74110 የተባለው ዝርያ፣ ዛሬም በገበሬው ማሳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ዘር በበቀሉ ተክሎች መካከልም፣ ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ዛፎች እ.ኤ.አ. በ2004 ብራዚል ውስጥ ተለይተዋል። ዘሩ ሲለቀም ይህን ጠባይ የጠረጠረ አልነበረም፤ ነገ የሚያስፈልገንን ዛሬ መርጠን ሌላውን መተው የማንችለውም ለዚህ ነው።

በጅማ አካባቢ በጮጬ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ዝርያዎች ተተክለው ይጠበቃሉ፤ ታዲያ ደኑ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ጮጬ ውድ ሀብት ነው። ነገር ግን እዚያ ያለው ተክል የተለቀመበትን ቀን ይዞ የቆመ ሲሆን፣ በደን ያለው ግን ከሙቀቱ፣ ከድርቁና ከበሽታው ጋር እየታገለ በየትውልዱ ይለወጣል። ሌላው ክርክር ይከብዳል፦ ቡናው ገቢ ካስገኘ ነዋሪው ደኑን ራሱ ይጠብቀዋል ይባላል። እስከ አንድ ደረጃ እውነት ነው፤ ለለቀማ በተፈቀደው የደኑ ክልል የጫካ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ይሰበሰባል። ዋጋ ሲንር ግን ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ጥላው ይሳሳል፣ ከውጭ የመጣ ችግኝም ይገባል፤ ደኑ ቀስ በቀስ የቡና እርሻ ይሆናል። ስለዚህ የደኑ ማዕከላዊ ክልል ለቀማ እንኳ ሊደርስበት አይገባም። በዚህ ገቢ የሚያጣው የያዩ ገበሬ ነው፤ ተጠቃሚው ግን ከብራዚል እስከ ቬትናም ያለ አምራችና ቡና ጠጪ ሁሉ በመሆኑ፣ ካሳውን በዋናነት መክፈል ያለበት ዓለም አቀፉ የቡና ንግድ ነው።