ማሽኖች ሲነጋገሩ መስማት፦ የሞድባስ መስመርን በነጻ ሶፍትዌር መፈተሽ

ፓምፑ ይሠራል፤ ውሃው ይወጣል፤ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ላይ የብልሽት መብራት አይታይም። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ግን ዜሮ ያሳያል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዕቃው ነው። ሴንሰሩ ይቀየራል፤ ካርዱ ተነቅሎ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ለአስመጪው ይደወላል። ጥፋቱ ግን በየትኛውም ዕቃ ላይ ላይኖር ይችላል። ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡት መልእክት ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ይህን መልእክት የሚያዳምጡ፣ የሚጠይቁና የሚፈትሹ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ፕሮግራሞች አሉ። የዛሬው ትውውቃችን ከእነርሱ ጋር ነው።

የት እንደሚያገለግሉ ለማየት አንድ መንገድ እንከተል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው አውራ ጎዳና ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ፣ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ጊንጪን አቋርጦ አምቦ ይገባል። አምቦ ውሃ በጠርሙስ መታሸግ ከጀመረ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ዞን አደአ በርጋ ወረዳ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያመርት ቆይቷል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ዳንጎቴ ሲሚንቶ ደግሞ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ይዞ የተተከለ ነው። በሆለታ በኩል የአበባ እርሻዎች አሉ፤ በየከተማው የውሃ ጉድጓድ፣ ፓምፕና ታንከር አለ። ጠርሙስ መሙላት፣ ክሊንከር ማቃጠልና ውሃ መግፋት የተለያዩ ሥራዎች ቢሆኑም መለኪያ፣ ሞተርና መቆጣጠሪያ ተያይዘው ቁጥር ካልተለዋወጡ አንዱም በዘመናዊ መንገድ አይከናወንም።

አንጋፋው ቋንቋ

ይህ ልውውጥ የሚመራበት ሥርዓት ፕሮቶኮል ይባላል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ፕሮፊባስ፣ ፕሮፊኔት፣ ኦፒሲ ዩኤ እያለ ይቀጥላል። ለጀማሪ የሚመረጠው ግን አንጋፋውና ቀላሉ ሞድባስ ነው። ያወጣው ፒኤልሲ የተባለውን የማሽን መቆጣጠሪያ በመሥራት የታወቀው የአሜሪካው ሞዲኮን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1979 ነው። ሞዲኮን ውሎ አድሮ በሽናይደር ኤሌክትሪክ ሥር ገባ፤ ፕሮቶኮሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሞድባስ ኦርጋናይዜሽን ለተባለ ማኅበር ተላለፈ። መግለጫው ለማንም ክፍት ነው፤ የሚጠቀምበት አምራችም የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅም። ከአርባ ዓመት በኋላም በኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ በኢንቨርተር፣ በፍሎው ሜትርና በጄኔሬተር መቆጣጠሪያ ላይ የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ መምህር ስም የሚጠራበትን ክፍል ይመስላል፤ ያልተጠራ አይናገርም፣ የተጠራም ስለራሱ ብቻ ይመልሳል። ጠያቂው አንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፒኤልሲ ወይም ኮምፒውተር ይሆናል። መላሾቹ ከ1 እስከ 247 ድረስ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በፋብሪካ ውስጥ ጥያቄና መልሱ በብዛት የሚጓዘው አርኤስ-485 በተባለ መስመር ነው። መስመሩ ኤ እና ቢ የተባሉ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች አሉት፤ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ እስከ 1200 ሜትር ይዘልቃል። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ይታሰራል። በኔትወርክ ኬብል ሲሆን ያው ቋንቋ ሞድባስ ቲሲፒ ተብሎ በፖርት 502 ያልፋል።

እያንዳንዱ መላሽ የሚያውቀውን ነገር ሬጂስተር በሚባሉ ባለ ቁጥር ሣጥኖች ያስቀምጣል። አንድ ሬጂስተር የሚይዘው ከ0 እስከ 65535 ያለ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ነጥብ ያለው ቁጥር አይገባበትም፤ አሃድም አይጻፍበትም። ቮልት ይሁን ሊትር የሚታወቀው ከዕቃው መመሪያ ነው።

አንድ ጥያቄ በዝርዝር እንመልከት። ጠያቂው «01 03 00 00 00 01» ብሎ ይልካል። ቁጥሮቹ በ16 መሠረት የተጻፉ ናቸው። 01 የመላሹ ቁጥር ነው። 03 «ሬጂስተር አንብብ» የሚል ትእዛዝ ነው። 00 00 ማለት ከመጀመሪያው ሣጥን ጀምር፣ 00 01 ደግሞ አንድ ብቻ አንብብ ማለት ነው። በመጨረሻ መልእክቱ በመንገድ አለመበላሸቱ የሚረጋገጥባቸው ሁለት ባይቶች ይከተላሉ። መላሹ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሆኖ «01 03 02 09 00» ብሎ ሲመልስ 02 የሚመጡት ሁለት ባይቶች መሆናቸውን ይናገራል፤ ቁጥሩ 09 00 ነው። ዘጠኝን በ256 ስናባዛ 2304 እናገኛለን። መመሪያው «ቮልቱ በአስር ተባዝቷል» ካለ የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ያለው 230.4 ቮልት ነው። ምሥጢሩ ይኸው ነው። ይህን ያነበበ ሰው ቀሪውን ለፕሮግራም መተው ይችላል።

መሣሪያዎቹ

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጠያቂ የሚሆን ፕሮግራም ነው። ኪውሞድማስተር መስኮትና ቁልፍ ያለው ስለሆነ የመላሹን ቁጥር፣ የመስመሩን ፍጥነትና የሬጂስተሩን ቁጥር ሞልቶ መጫን ይበቃል። የተላኩትንና የተመለሱትን ባይቶች እንዳሉ ስለሚያሳይ ከላይ ያየነውን ንባብ ለመለማመድ ይመቻል። ኤምቢፖል በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን የተሠራው ሊብሞድባስ በተባለ የሲ ቋንቋ ቤተ መጻሕፍት ላይ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚያውቅ ደግሞ ፓይሞድባስ አለ፤ በጥቂት መስመር ኮድ ጠያቂም መላሽም ይሆናል።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። ዋየርሻርክ በኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ይዞ እየፈታ ያሳያል። ጄራልድ ኮምብስ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢተሪያል ብሎ ያወጣው ሲሆን በ2006 የዛሬውን ስሙን ያዘ። ሞድባስ ቲሲፒን ስለሚያውቅ ባይቶቹን በእጅ መቁጠር አያስፈልግም፤ ማን እንደጠየቀ፣ የትኛውን ሬጂስተር እንደፈለገና በስንት ሚሊሰከንድ እንደተመለሰለት በመስመር በመስመር ይዘረዝራል።

እነዚህ ሁሉ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ መጠቀም ብቻ ሳይሆን መገልበጥና ለሌላ ማካፈልም ተፈቅዷል። ይህ በእኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚታደስ ፈቃድ ለአንድ የወረዳ ከተማ የውሃ አገልግሎት የማይታሰብ ነው። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታም ፕሮግራሞቹን አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መዞር ይቻላል፤ ለባልደረባ መስጠትም ሕጋዊ ነው።

ያለ ፋብሪካ መለማመድ

ትምህርቱ የሚጀምረው ከፓነል ፊት አይደለም። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ምህንድስና የሚማር ተማሪም ሆነ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ አንድ ላፕቶፕ ይበቃዋል። በፓይሞድባስ መላሽ ከፍቶ ሬጂስተሮቹን በፈለገው ቁጥር ይሞላል። ከዚያ በኪውሞድማስተር ያንኑ ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ ዋየርሻርክ በመካከል ያዳምጣል። ሆን ብሎ የመላሹን ቁጥር ማሳሳት፣ የሌለ ሬጂስተር መጠየቅ፣ መላሹን ማዘግየት ይችላል። እያንዳንዱ ስህተት ምን ዓይነት ምልክት እንደሚያሳይ እዚያው ይማራል።

ኦፕንፒኤልሲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሲጨመር ደግሞ ላፕቶፑ ወይም ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ራሷ ፒኤልሲ ትሆናለች። ቀጣዩ ደረጃ ዩኤስቢን ወደ አርኤስ-485 የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ገዝቶ ከአንድ እውነተኛ ቆጣሪ ጋር በሁለት ሽቦ መገናኘት ነው።

ዝምታ፣ እምቢታ፣ የተሳሳተ ቁጥር

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ የከተማ ውሃ አገልግሎት ጉድጓዱ ላይ ፓምፕና ኢንቨርተር፣ አጠገባቸውም የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አለው እንበል። ስክሪኑ ትክክለኛ ቁጥር አላሳይ ሲል ቴክኒሺያኑ የፒኤልሲውን ሽቦ ለጊዜው ነቅሎ በራሱ ላፕቶፕ ይጠይቃል። የሚያገኘው ከአራት አንዱን ነው።

ዝምታ ካገኘ ችግሩ በመስመሩ ወይም በአቀማመጡ ነው። ኤ እና ቢ ተለዋውጠው ይሆናል፤ አንዳንድ አምራቾች ስያሜውን ገልብጠው ስለሚጽፉ ይህ የተለመደ ነው። ፍጥነቱ በአንዱ 9600 በሌላው 19200 ሊሆን፣ ፓሪቲ የተባለው የስህተት መለያ ቢት ሊለያይ ወይም የመላሹ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ እየቀየሩ መሞከር ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

የተበላሸ መልስ ካገኘ፣ ማለትም ማረጋገጫው ባይት አልገጥም ካለ፣ ሽቦው ከሞተር ኬብል ጋር በአንድ ቦይ ተጎትቶ፣ የጫፍ ሬዚስተሩ ተረስቶ፣ ወይም ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ይዘው እኩል እየመለሱ ሊሆን ይችላል።

እምቢታ ካገኘ ደስ ይበለው። «01 83 02» የሚል መልስ ማለት መስመሩ፣ ፍጥነቱና ቁጥሩ ሁሉ ደህና ሆነው ጥያቄው ብቻ ስህተት ነው ማለት ነው። 83 የመጣው 03 ላይ 80 ተደምሮ ሲሆን ትእዛዙ አለመፈጸሙን ያመለክታል፤ 02 ደግሞ «እንዲህ ያለ ሬጂስተር የለኝም» ይላል። ብዙ ጊዜ መንስኤው መመሪያው 40001 ብሎ የጻፈው ሬጂስተር በመስመሩ ላይ 0 ተብሎ መጠራቱ ነው። በአንድ ቁጥር መሳሳት ሰውን ቀኑን ሙሉ ሊያደክም ይችላል።

አራተኛው ትክክል መስሎ የሚያሳስተው ነው፤ መልስ ይመጣል፣ ቁጥሩ ግን ስሜት አይሰጥም። ነጥብ ያላቸው ትልልቅ ቁጥሮች በሁለት ሬጂስተር ተከፍለው ይቀመጣሉ። የአገራችን የኤሌክትሪክ ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ ነው፤ ይህ ቁጥር በሁለት ሬጂስተር ሲጻፍ 4248 እና 0000 ይሆናል። አንባቢው ፕሮግራም ሁለተኛውን አስቀድሞ ካነበበው ከዜሮ የማይለይ እጅግ ኢምንት ቁጥር ያገኛል፤ ስክሪኑም ዜሮ ይላል። ቆጣሪው ጤነኛ ነው፣ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። እንዲሁ ከዜሮ በታች ያለ ሙቀት በአስር ተባዝቶ ‑5 ተብሎ ሲቀመጥ፣ የመቀነስ ምልክትን የማያውቅ አንባቢ 65531 ብሎ ያነበዋል። እነዚህን ዕቃ በመቀየር ማዳን አይቻልም፤ አዲሱ ዕቃም ያንኑ ይመልሳል።

ማንበብ ይቅደም

ሞድባስ የይለፍ ቃል አያውቅም። መስመሩ ላይ የደረሰ ሁሉ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይችላል፤ በትእዛዝ 06 አንድ ሬጂስተር መለወጥ ሞተር ሊያስነሳ ወይም ፍጥነቱን ሊለውጥ ይችላል። አደጋው በዓለም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በዩክሬኗ ልቪቭ ከተማ ጥቃት አድራሾች የማሞቂያ አገልግሎት መቆጣጠሪያዎችን በሞድባስ ትእዛዝ አዛብተው፣ ከ600 በላይ የመኖሪያ ሕንፃዎች በክረምት ለሁለት ቀን ያህል ያለ ማሞቂያ ቀርተዋል። መሣሪያቸው በኋላ ፍሮስቲጉፕ ተብሎ ተሰየመ።

ስለዚህ በሚሠራ ማሽን ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። የማንበብ ትእዛዝ ብቻ ተጠቀም። መጻፍ ካስፈለገ የምርት ኃላፊው ይወቅ፣ ማሽኑ ይቁም፣ ብሬከሩ ይቆለፍ። በአርኤስ-485 መስመር ላይ ሁለት ጠያቂ አይኖርም፤ ፒኤልሲው ሳይነቀል ላፕቶፕ ቢጠይቅ የሁለቱ ድምፅ ይጋጫል። ፖርት 502ም ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ አይተው።

ነጻ መሣሪያ ሁሉን አይፈታም። የአምራቹን የፒኤልሲ ፕሮግራም ከፍቶ ለማረም ብዙ ጊዜ የአምራቹ ሶፍትዌር ግድ ነው፤ ፕሮፊባስን ለማዳመጥም የተለየ ካርድ ያስፈልጋል። ችግር ሲገጥም የሚደወልለት የድጋፍ ክፍልም የለም። ሆኖም ጥፋቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በማስረጃ መለየት ያስችላል። ለአቅራቢው «አይሠራም» ብሎ መጻፍና «ሬጂስተር 12ን ስጠይቅ እምቢታ 02 ይመልሳል፤ መመሪያህ ግን አለ ይላል» ብሎ መጻፍ የተለያዩ ደብዳቤዎች ናቸው። ሁለተኛው በተድበሰበሰ መልስ አይመለስም።

ከሶፍትዌሩ ይልቅ የሚቸግረው የሬጂስተሮቹ ዝርዝር ነው። የትኛው ሣጥን ምን እንደያዘ፣ በስንት እንደተባዛና ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ ቢናገርም የሚረዳው የለም። ዝርዝሩን በግምት ማውጣት ይቻላል፤ ግን አድካሚ ነው፣ ያሳስታልም። መፍትሔው ከቴክኒሺያኑ ላፕቶፕ በፊት በግዢ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አለ። ኢንቨርተር፣ ቆጣሪ ወይም ፓምፕ በጨረታ ሲገዛ የሞድባስ ሬጂስተር ዝርዝር፣ የመስመሩ አቀማመጥና የዕቃው የራሱ የይለፍ ቃሎች ከዕቃው ጋር እንዲረከቡ በውሉ ላይ ይጻፍ። ርክክቡም ቴክኒሺያኑ በራሱ ላፕቶፕ ሦስት አራት ሬጂስተር አንብቦ ከዕቃው ማሳያ ጋር ካመሳከረ በኋላ ይፈረም። ይህ አንድ አንቀጽ ለገዢው ምንም አያስወጣውም፤ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ግን ዕቃውን ማን እንደሚያዝዘው የሚወስነው እርሱ ነው።