ሦስቱ ቀናት የማን ናቸው?

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። በስልክ ስናወራ፣ «አክስቴ፣ የክፍሌ ልጆች ገና እስኪደርስ በየቀኑ አንድ የካርቶን መስኮት እየከፈቱ ቸኮሌት ይበላሉ። እኛ ቤት ግን በየቀኑ ምስር ነው። ለምን?» አለችኝ። እናቷ ከኋላ ስትስቅ ይሰማኛል። «ጾመ ነቢያት ነዋ!» ብዬ ልገላገል ነበር። ግን ጾመ ነቢያት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ ይሄ መልስ አይሆንም። እናንተም ውጭ ያደጋችሁ፣ ቤተሰቡ ሲጾም ስታዩ ኖራችሁ «ለምን?» ሳትሉ ያለፋችሁ ትኖራላችሁና፣ ለእሷ የነገርኳትን ጨመር አድርጌ ልንገራችሁ።

የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ታኅሣሥ 29፣ በልደት ዕለት ይፈታል። ይህን ብቻ ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ኅዳር መቼ እንደሆነ ጉግል የሚጠይቅ ዘመድ ስላለኝ ልዘርዝረው። ኅዳር 15 በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ነው፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ጃንዋሪ 7። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በዚያ ዓመት ጾሙ ኅዳር 14 ገብቶ ልደት ታኅሣሥ 28 ይውላል። የፈረንጁ ቀን ግን አይነቃነቅም። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም። የሚችል ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። (ዘጠኝ ሰዓት ማለት በእናንተ ሰዓት ከቀኑ ሦስት ነው። ሽሮ ምን እንደሆነ እንኳ አላስረዳም፤ እዚያ ከደረስንማ አልቆልናል።)

ነቢያት «ይወለዳል» ብለው ተናግረው፣ ሳያዩት አለፉ። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ሳምንታት እነሱ በነበሩበት ቦታ ቆማ፣ እንዳልተወለደ ሆና ትጠብቀዋለች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት የየራሳቸው ስም አላቸው፦ ከታኅሣሥ 7 ስብከት፣ ከ14 ብርሃን፣ ከ21 ኖላዊ። ኖላዊ እረኛ ነው፤ በዚያ ሳምንት ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10፣ ስለ መልካሙ እረኛ የሚናገረው ይነበባል። ፈረንጆቹ አድቬንት የሚሉት ወቅት አራት እሑድ ነው፤ እነሱም በፊት ይጾሙበት ነበር፤ ቸኮሌቱ የቅርብ ጊዜ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ቀኖቹን ብትቆጥሯቸው 44 ናቸው። አርባው ሙሴ በሲና ተራራ የጾመውን ይከተላል። የመጨረሻዋ አንድ ቀን ገሃድ ናት፣ የበዓሉ ዋዜማ። በመሃል ሦስት ቀን ይተርፋል። ሊቃውንቱ ሦስቱን ቀናት ለሐዋርያው ፊልጶስም ይሰጧቸዋል፣ ለአብርሃም ሶርያዊም ይሰጧቸዋል። እኔ ለአብርሃም አደላለሁ፤ ምክንያቱም በአብርሃም ታሪክ ውስጥ አንድ ቆዳ ፋቂ አለ።

አብርሃም በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ 62ኛ ፓትርያርክ ነበር፤ መንበሩም ግብፅ ነው። ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ኸሊፋው አል ሙዒዝ አስጠርቶት፣ «ወንጌላችሁ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ያለው ሰው ተራራ ያነሣል ይላል። በሉ፣ የሙቀጠምን ተራራ አንሡ፤ አለዚያ ወዮላችሁ» አለው። አብርሃም የሦስት ቀን ቀጠሮ ለመነ። ሕዝቡ ሦስቱን ቀን ጾመ። በሦስተኛው ሌሊት እመቤታችን ተገልጣ፣ «ወደ ገበያ ውጣ፤ እንስራ የተሸከመ አንድ ዓይና ሰው ታገኛለህ፤ ተራራው በእሱ ይነሣል» አለችው። የተገኘው ሰው ስምዖን ነበር፤ ቆዳ ፋቂ፣ ጫማ ሰፊ።

አንድ ዓይና የሆነው ወንጌሉን ቃል በቃል ወስዶ፣ ዓይኑ ስላሰናከለችው በሚሰፋበት ወስፌ ራሱ አውጥቷት ነው። (የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ጮኸች። አባቶችም ይህን «አድርጉት» ብለው አያስተምሩም፤ ለልጆች ስትነግሩ ብትዘሉትም አልቀየማችሁም።) እንስራውን የተሸከመበት ምክንያት ግን መዘለል የለበትም። ስምዖን ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት፣ ውኃ መቅዳት ለማይችሉ ሽማግሌዎችና ሕሙማን በየቤታቸው ውኃ ያደርሳል። በቀጠሮው ቀን ከሕዝቡ ኋላ ተሸሽጎ ቆመ። ፓትርያርኩና ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያሉ ሦስት ጊዜ ሰገዱ፤ በተነሡ ቁጥር ተራራው አብሮ ተነሣ። ከዚያ ስምዖንን ቢፈልጉት የለም፤ ሄዷል።

የእኔ አያት ይህን ታሪክ ከቄሷ ሰምታ ታውቀዋለች። ሰሜን ሸዋ ነበር የምትኖረው። ኅዳር ሲገባ የፍስክ ድስቶቿን በአመድ ፈትጋ ከጓዳ ትሰቅላቸዋለች። በየቀኑ ምሳ ባልበላችበት ሰዓት አንድ እፍኝ ዱቄት ከማድጋዋ ዘግና በትንሽ ስልቻ ትጨምራለች። ስልቻው ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ እያበጠ ይሄዳል፤ እኛ ልጆቹ ስናልፍ በጣታችን እየወጋን ምን ያህል እንደሞላ እናያለን። በገና ዋዜማ ተሸክማው ትወጣና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ዱቄቱን በእጇ ታካፍላለች። «ያልበላሁት የእኔ አይደለም» ትል ነበር።

ስልቻውን የሠራው ከመንደሩ ዳር የሚኖር ፋቂ ነው። ሰውዬው ሊያስረክብ ሲመጣ ግን በራችን ላይ ቆሞ ይቀራል። ውኃ ቢጠይቅ ለእሱ ብቻ የተለየች ቅል ነበረች፤ ከአጥሩ ላይ ነበር የምትሰቀለው። ቡዳ ነው ይባላል። ልጁን ለፋቂው ልጅ የሚድር ሰው በመንደሩ አልነበረም። አያቴ በዚያ ሰው ስልቻ ምጽዋቷን ታጠራቅማለች፣ በዚያ ሰው ቁርበት ላይ ትተኛለች፣ ቆዳ በለበሰ ከበሮ እልል ብላ ገናን ታከብራለች፤ ለስምዖንም ሦስት ቀን ትጾማለች። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ሰሜን ሸዋ ሳይደርስ ቀርቶ አይደለም። አያቴን እወዳታለሁ፤ እንደ እሷ የጾመ ሰውም አላየሁም። ያችን ቅል ግን አልረሳትም።

ይህን የምነግራችሁ በባህላችሁ እንድታፍሩ አይደለም። ለማፈር ፈጣን የሆኑ ዘመዶች አሉኝ፤ ጾሙን «ቪጋን ነን» በሚል ቃል ተክተው፣ በአጃ ወተት ማኪያቶ አርባ ቀኑን የሚያልፉ። ማኪያቶው ክልክል ነው አላልኩም። ግን የሚጾሙት አያቴ የጾመችውን አይደለም። አያቴ ከራሷ አጉድላ ለሌላ ሰው አስቀምጣለች፤ የእነሱ የጾም በርገር ግን ከሥጋው በርገር ይወደዳል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ስለ ጾም የተናገረውን አንብቡት፤ እንጀራን ለራብተኛ መቁረስና የታሠረን መፍታት ነው ጾሙ። ነቢያት ስማቸውን ለጾሙ የሰጡት ምን እንደምንበላ ለመንገር አይመስለኝም።

የእህቴ ልጅ የስልቻውን ነገር ወደደችው። የካርቶኑን መስኮቶችም አልረሳችም፤ በየመስኮቱ ፈንታ በየቀኑ ሳንቲም የሚጨመርበት የሽሮ ጣሳ ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አኑራለች ብላ እናቷ ነገረችኝ። ለማን እንደሚሰጥ ገና ክርክር ላይ ናቸው። ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ አስባለች፤ እናቷ «ሰውዬው ቅር ይለዋል» ትላለች። እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ፤ ግን ጣሳውን ከማቀበሏ በፊት ስሙን ትጠይቀው፣ ቁጭ ብላ ምሳ ትብላ ከእሱ ጋር።

ለቁልቢ ገብርኤል፣ ማለትም ታኅሣሥ 19፣ ወደ አገር ቤት የምትበሩ ሰዎች በካይሮ የሚያልፍ ትኬት ካገኛችሁ ደግሞ ሙቀጠምን እዩት። ተራራው አለ። ሥሩ ላይ የከተማውን ቆሻሻ በእጃቸው እየለዩ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ኮፕት ክርስቲያን የሆኑ ሰዎች ሠፈር አለ፤ ከሠፈሩ በላይ ከዓለቱ ተፈልፍሎ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚይዝ ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ገዳም የሚጠራው በቆዳ ፋቂው ስምዖን ስም ነው። ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ በቆሻሻው መካከል ነው የሚያልፈው፤ ይሸታል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰዎቹ ፊት አፍንጫቸውን እንዲይዙ ግን አትፍቀዱላቸው።