እንጦጦ ማርያምን ስናይ

ከጉለሌ ተነሥተን ዳገቱን በእግር ወጣን። ከላይ እንጦጦ ማርያምን አገኘናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። በአጠገቧ የነበሩበትን ቤተ መንግሥት አየን። ግድግዳው እንደ ገበሬ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው።

ታዲያ ከተማው ለምን ከዚህ ለቀቀ? ተራራው ብርዳም ነው። ቤት ሲሠራ፣ ማገዶ ሲነድ እንጨቱም አለቀ። ሰው ቀስ በቀስ ከታች ወዳለው ፍል ውሃ፣ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። እዚያም ማገዶ ጠፋ። መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ነገር ግን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተከለ። ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከተማዋም ሳትነሣ ቀረች።

ወገኖች፣ እንጨት ሲያልቅ ንጉሥም ይሰደዳል። አንድ ዛፍ ስንቆርጥ ሁለት እንትከል። ባሕር ዛፍ ውሃ ስለሚጠጣ ግን ከምንጭና ከእርሻ እናርቀው።