የኮቦ ጎርፍ የሚጀምረው ጓሳው ላይ ነው



ኮቦ ያደገ ሰው በክረምት ወደ ምዕራብ ማየት ልማዱ ነው። የግዳን ተራሮች ከጠቆሩ፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ሆርማትና ጎሊና ሞልተው ይመጣሉ። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመራዋል። ረጋ ብሎ ሲመጣ ውሃም ለም ደለልም ያመጣል። ሲበረታ ግን ጠለፋውን አፍርሶ ማሳውን በአሸዋና በድንጋይ ይሞላዋል። የዝናቡ ብዛት አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ተራራው ምን ለብሷል የሚለው ነው።

ኮቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከግዳን ባሻገር ላስታ ውስጥ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ጫፉ ከኮቦ በ16 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል።

እዚያ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ አላህ ለብርዱ የሰጠው ብልሃት አለው። ጅብራ ሌሊት ቅጠሎቹን ሰብስቦ መሃል ያለውን ለጋ ቡቃያ ይሸፍናል፤ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ጓሳ ሣር ችምችም ብሎ ይበቅላል። በውስጡ አይጦች ይጠለላሉ፣ አይጦቹን ቀይ ቀበሮ እያደነ ይበላል። ጭላዳ ሣር ይግጣል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አይገኙም፤ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በመላ አገሪቱ 500 እንኳ አይሞሉም።

ለራያ ሰው ዋናው ጉዳይ ጓሳው ውሃውን የሚይዝበት መንገድ ነው። የዝናቡን ምት ያበርዳል፣ አፈሩን በሥሩ ያስራል፣ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጣል። የሰረገው ከፊሉ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከተራሮቹ የሚወርደው ውሃ በኮቦ ሜዳ በጉድጓድ የምናወጣውንም የከርሰ ምድር ውሃ ይመግባል። ጓሳው ሲታረስ ወይም ከልክ በላይ ሲጋጥ ያው ዝናብ በአንዴ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ በምማረው ምህንድስና ጎርፍ ለማብረድ ግድብ እንነድፋለን፤ ራሰ በራ ከሆነ ተራራ ሥር የተሠራ ግድብ ግን ቶሎ በደለል ይሞላል።

ደገኛውን መውቀስ ቀላል ነው። እሱ ገብሱን ወደ ላይ እየገፋ የሚያርሰው መሬት ስላጠረው ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ከፍቶ ለዘመናት ተጠቅሞበታል። መድረሳ ለተማርን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና አቅራቢያ አን-ነቂዕን ለሙስሊሞች ፈረሶች ግጦሽ ሒማ አድርገው መከለላቸውን ቀርተናል።

ከጁምዓ በኋላ ከደጋ የመጣ ወንድም ወይም እህት ካገኛችሁ፣ የመንደራቸው ጓሳ እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ስለ እኛ ማሽላም ነው።