የተሸናፊ ቡድን ትምህርት፦ የኡራንግ ኢንዲያንስ የ1923 ውድድር

ተማሪዎቻችን ስለ ስፖርት ሲጨዋወቱ የሚያነሡት ያሸነፈውን ነው። ዋንጫ የወሰደው ይወደሳል፤ የተሸነፈው «ሰነፍ» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ሽንፈትም እንደ ማንኛውም ነገር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን መርምሮ ማግኘትም የመምህርና የተማሪ ሥራ ነው። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን ከአሜሪካ ፉትቦል የጥንት ቡድኖች አንዱን እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ፉትቦል እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን በእጅ ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር ከተጋጣሚው ወሰን ማድረስ ይፈለጋል፤ ተከላካዩም ኳስ የያዘውን ሰው ይዞ ይጥላል። ስለዚህ ጨዋታው ብዙ ጉልበትና በቂ ዕረፍት ይጠይቃል። ጨዋታውን በሙያ ደረጃ የሚመራው ማኅበር በ1920 ተቋቁሞ፣ በ1922 ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ ተባለ።

ቡድኑ እንዴት ተመሠረተ?

በዚያው በ1922 በኦሃዮ ግዛት፣ ከ1,000 ያነሱ ነዋሪዎች በነበሯት ላሩ በምትባል ከተማ፣ ዋልተር ሊንጎ የተባለ ነጋዴ ቡድን አቋቋመ። ሊንጎ ኤርዴል የሚባለውን የውሻ ዘር እያረባ ይሸጥ ስለነበር ቡድኑን በውሻ ማርቢያው ስም ኡራንግ ብሎ ሰየመው። ቡድኑን በሊጉ ለማስገባት የከፈለው 100 ዶላር ሲሆን፣ አንዱን ውሻ ግን በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወለዱ ነበሩ። አሠልጣኙና ዋናው ተጫዋች፣ በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ በፔንታትሎንና በዴካትሎን የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ጂም ቶርፕ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ?

በ1922 ቡድኑ 3 ጊዜ አሸንፎ 6 ጊዜ ተሸነፈ። በ1923 ደግሞ ካደረጋቸው 11 ግጥሚያዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። በቡፋሎ ቡድን 57 ለ 0 ተረታ። ከቺካጎ ቤርስ ጋር በተጋጠመ ጊዜ ቶርፕ ወሰኑ አጠገብ ኳሱ ከእጁ ወደቀበት፤ ጆርጅ ሃላስም አንሥቶ 98 ያርድ፣ ማለትም 90 ሜትር ያህል፣ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ። ይህ ሩጫ እስከ 1972 ድረስ በክብረ ወሰንነት ቆይቷል።

ምክንያቶቹ

አንደኛው የቡድኑ ዓላማ ነው። ሊንጎ ቡድኑን ያቋቋመው ውሾቹን ለማስተዋወቅ ነበር። በግጥሚያው አጋማሽ ሌሎች ቡድኖች ሲያርፉ፣ የኡራንግ ተጫዋቾች ውሾቹን ለሕዝብ ያሳዩ፣ ይጨፍሩ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይወረውሩ ነበር። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንዲሉ፣ ለትርኢት የደከመ ሰው በሁለተኛው አጋማሽ ብርቱ ተጋጣሚን መቋቋም ይቸግረዋል።

ሁለተኛው ጉዞ ነው። ላሩ ለግጥሚያ የሚሆን ሜዳ ስላልነበራት፣ «የአገር ቤት» ጨዋታቸው እንኳ በአቅራቢያዋ በማሪዮን ከተማ ይደረግ ነበር። አብዛኛውን ግጥሚያ ግን በሰው አገር ተጫወቱ።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ቶርፕ ዕድሜው ከ35 ዓመት አልፎ ነበር። እርሱና አንዳንድ ጓደኞቹ የተማሩበት የካርላይል ትምህርት ቤትም በ1918 ስለተዘጋ ከዚያ የሚመጣ ተተኪ ወጣት አልነበረም።

ተመልካች ይመጣ የነበረውም ለአዲስነቱ ነበርና፣ ትርኢቱ ሲለመድ ገቢው ቀነሰ፤ ቡድኑም ከ1923 በኋላ ፈረሰ። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሁሉ ዜግነት በሕግ የተሰጣቸው በተከታዩ ዓመት፣ በ1924 መሆኑን ስናስታውስ፣ እነዚህ ሰዎች የቆሙት ከተጫዋችነታቸው ይልቅ ለትርኢት እንደነበረ ይገባናል። ችሎታ አልጎደላቸውም፤ ቶርፕ በ1963፣ ጓደኛው ጆ ጋዮን በ1966 ከፉትቦሉ ታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ ገብተዋል።

በክፍል ውስጥ

ውጤቱን ብቻ በሰሌዳው ላይ ጽፈን «ይህ ቡድን ለምን ተሸነፈ?» ብለን ተማሪዎችን እንጠይቅ። ግምታቸውን ከሰጡ በኋላ ከላይ የዘረዘርነውን እንንገራቸውና ፍርዳቸውን እንደገና ይመዝኑ። ይኸው ጥያቄ ለእኛም ይጠቅማል። ከክፍሉ መጨረሻ የወጣው ተማሪ፣ ሌላው በሚያርፍበት ሰዓት ውሃ ሲቀዳ፣ ከብት ሲጠብቅ ወይም ሱቅ ሲቆም የሚውል ሊሆን ይችላል። በውጤት መግለጫው ላይ «ሰነፍ» ብለን ከመጻፋችን በፊት የዕረፍት ሰዓቱን በምን እንደሚያሳልፍ እንጠይቀው።