እግር ሳይደክም እጅ ሲደነዝዝ፦ ለረጅም ጉዞ የሚመች የብስክሌት መሪ እንዴት ይመረጣል?

ብስክሌት መጋለብ የእግር ሥራ ብቻ እንደ ሆነ አድርገን እናስባለን። ፔዳሉን የሚገፋው እግር፣ ዳገቱን የሚያሸንፈው የጭን ጡንቻ ነውና ድካሙም ከወገብ በታች የሚቀር ይመስለናል። ነገር ግን ሁለትና ሦስት መቶ ኪሎሜትር የጋለበ ሰው ከኮርቻው ወርዶ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ሲሞክር ጣቶቹ አልታዘዝ ሊሉት ይችላሉ። ብዕር ቢይዝ ጽሕፈቱ የራሱ አይመስልም። ማርያም ጣቱንና የቀለበት ጣቱን ሲዳስስ የሌላ ሰው ጣት የዳሰሰ ያህል ይሰማዋል። ይህ የሆነው ከጉዞው በኋላ ከሆነ የሚያስቸግር ነገር ነው፤ በቁልቁለት መካከል፣ ፍሬን መጨበጥ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ከሆነ ግን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት 600 ኪሎሜትር የጋለቡ 25 ብስክሌተኞችን እጅ ከጉዞው በፊትና በኋላ መርምሮ ነበር። ከመካከላቸው 23ቱ የጣት ጡንቻ መድከም ወይም የስሜት መቀነስ፣ አንዳንዶቹም ሁለቱንም አሳይተዋል። ለብዙ ጊዜ የጋለቡትም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ለመሆኑ በመዳፋችንና በመሪው መካከል የሚፈጠረው ምንድን ነው? የተሻለ መሪ በመምረጥስ ችግሩን ማስወገድ ይቻላልን? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ነርቩ የሚያልፍባት ጠባብ መንገድ

ክርናችን በድንገት ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ እስከ ማርያም ጣት ድረስ የሚነዝረን ስሜት ለሁላችንም የታወቀ ነው። ያን ስሜት የሚያመጣው አልናር የተባለው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ በክርን በኩል ወርዶ ወደ መዳፍ የሚገባው በማርያም ጣት በኩል ባለው የመዳፍ ሥር፣ በሁለት ትንንሽ አጥንቶች መካከል በሚገኝ ጠባብ ቦይ ነው። ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፌሊክስ ጉዮን እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ ገለጸው ቦዩ እስከ ዛሬ በስሙ የጉዮን ቦይ ይባላል። በዚህ ስፍራ ነርቩን የሚሸፍነው ቆዳ፣ ጥቂት ስብና ስስ ጡንቻ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ መሪ ላይ ደገፍ ስንል የሰውነታችን ክብደት የሚያርፈውም በአብዛኛው በዚሁ ስፍራ ላይ ነው።

አልናር ነርቭ የማርያም ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ስሜት ከማስተላለፉም በላይ ጣቶችን የሚያራርቁና የሚያቀራርቡ ትንንሽ ጡንቻዎችን ያዛል። ስለዚህም ነርቩ ሲጨቆን መደንዘዝ ብቻ ሳይሆን ቁልፍ ለመቆለፍና ለመጻፍ የሚያስፈልገው ቅልጥፍናም ይቀንሳል። ከዚህ በተጨማሪ የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ታጥፎ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ፣ በአንጓው መካከል የሚያልፈው ሚዲያን የተባለው ነርቭ ይጠባል፤ በዚህ ጊዜ የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና የመሐል ጣት ናቸው። እንግዲህ የትኞቹ ጣቶች እንደ ደነዘዙ ማስተዋል ስህተቱ የት እንዳለ የሚጠቁም ቀላል ምርመራ ነው ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ምን ይላል?

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት መሆኑን ከፊዚክስ ትምህርታችን እናስታውሳለን። አንድ ጋላቢ በእያንዳንዱ እጁ ላይ 10 ኪሎግራም ያህል ቢያሳርፍ፣ ይህ ወደ 100 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ነው። ኃይሉ በ10 ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ብቻ ሲያርፍ ግፊቱ 100 ኪሎፓስካል ይሆናል። ያው ኃይል በ25 ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ቢሰራጭ ግን ወደ 40 ኪሎፓስካል ይወርዳል። በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ደም የሚዘዋወርበት ግፊት 4 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ቆዳና ስብ ጫናውን በከፊል ቢበትኑት እንኳ ነርቩ ደም ሊያጥረው እንደሚችል እንረዳለን። ደም ያጠረው ነርቭ ደግሞ መልእክት ማስተላለፉን ያዳክማል። ለአምስት ደቂቃ ሲሆን ጉዳት የለውም፤ ለአምስት ሰዓት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ታዲያ ይህ ክብደት ወደ እጅ የሚመጣው እንዴት ነው? የአንድ ሰው ጭንቅላት፣ ክንድና ደረት በአንድነት 40 ኪሎግራም ይመዝናሉ፤ የክብደት ማዕከላቸውም ከዳሌው 35 ሴንቲሜትር ይርቃል ብለን እንነሣ። ጋላቢው ጀርባውን ከአግድም መስመር በ70 ዲግሪ ቀና አድርጎ ሲቀመጥ፣ ወደ ፊት የሚጥለው ቶርክ 48 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ወደ 40 ዲግሪ ሲያጎነብስ ግን 107 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ይህን የሚቋቋሙት የጀርባ ጡንቻዎችና ክንዶች ናቸው። እግር ፔዳሉን በብርታት ሲገፋ የሰውነቱን የፊት ክፍል በመጠኑ ወደ ላይ ስለሚደግፈው እጅ ይቀለዋል። እግር እየደከመ በሄደ ቁጥር ደግሞ ጫናው ወደ መዳፍ ይዞራል። ጠዋት የተመቸ መሪ ከሰዓት በኋላ የሚቆረቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን ቀና ብለን ብቻ አንጋልብም?

ከላይ ካለው ስሌት ተነሥቶ «እንግዲያውስ መሪውን ከፍ አድርጎ ቀና ብሎ መቀመጥ ይሻላል» የሚል ሰው ይኖራል። ሐሳቡ ለአጭር መንገድ ትክክል ነው። በረጅም ጉዞ ላይ ግን ሌላ ባለጋራ ይመጣል፤ ይኸውም አየር ነው። የአየር መቋቋም በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ከ20 ወደ 30 ኪሎሜትር በሰዓት ስንፈጥን መቋቋሙ 2.25 ጊዜ ይበልጣል። መቋቋሙን ለማሸነፍ በየሴኮንዱ የምናወጣው ጉልበት ደግሞ ከ3 ጊዜ በላይ ይጨምራል። ቀና ያለ ደረት ለነፋስ የተዘረጋ ሸራ ነው። በተጨማሪም ቀና ባልን ቁጥር ከእጅ የተነሣው ክብደት ወደ ኮርቻው ይሄዳል፤ መንገዱም የሚመታን በቀጥታ በአከርካሪያችን በኩል ይሆናል።

የአየርን ኃይል ለዓለም በግልጽ ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ከፈረንሳዊው ሎራን ፊኞን በ50 ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ ባለው የ24.5 ኪሎሜትር የሰዓት ውድድር ለሞንድ ክርኖቹን አቀራርቦ የሚያስደግፍ፣ ወደ ፊት የተዘረጋ መሪ ይዞ ቀረበ። ፊኞን በተለመደው ዓይነት መሪ ተወዳደረ። ከሦስት ሳምንት ጉዞ በኋላ ለሞንድ በ8 ሴኮንድ ብልጫ አሸናፊ ሆነ። በኋላ የረጅም ርቀት ጋላቢዎች በዚህ መሪ ሌላም ጥቅም አገኙበት፤ ክብደቱ በክንድ ላይ ስለሚያርፍ መዳፍ ፈጽሞ ያርፋል። ጉድለቱ ፍሬኑ ከእጅ መራቁ ነውና ሰው በበዛበት መንገድና በቁልቁለት አይመከርም።

የመሪ ዓይነቶችና ጠባያቸው

ቀጥ ያለ መሪ በከተማና በጠጠር መንገድ ለመቆጣጠር የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ለእጅ የሚሰጠው አንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ መዳፍንም ወደ መሬት አዙሮ ይይዛል። በሁለቱ ጫፎች ላይ አጫጭር ቀንዶች ሲጨመሩለት እጅ ተገልብጦ እንዲያርፍ ሁለተኛ ስፍራ ያገኛል።

ወደ ጋላቢው የተመለሰ መሪ የእጅ አንጓን ሳያጣምም ያሳርፋል። ክንዶቻችንን ዘና አድርገን ወደ ፊት ስንዘረጋ መዳፎቻችን በከፊል እርስ በርስ ይተያያሉ እንጂ ወደ መሬት ብቻ አይዞሩም፤ ይህ መሪ የሚከተለው ያንን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ ነው። ለዝግተኛ ጉዞ መልካም ሲሆን ለነፋስ ግን ያጋልጣል።

የበግ ቀንድ የመሰለው፣ ወደ ታች የተጠማዘዘው መሪ በእሽቅድምድም የታወቀ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የጋለበውም በዚሁ ዓይነት መሪ ነበር። ብዙዎች መሪው ለፍጥነት ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል። ዋናው ጸጋው ግን እጅ ቢያንስ ሦስት ስፍራ ማግኘቱ ነው፤ ከላይ በአግድሙ ብረት ላይ፣ በፍሬኑ እጀታ ራስ ላይ፣ ከታች በጠመዝማዛው ላይ። የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለው መሪም በተመሳሳይ ምክንያት በአውሮፓ ሻንጣ ጭነው በሚጓዙ ሰዎች ዘንድ ተወዷል።

ከፓሪስ ተነሥቶ እስከ ብሬስት ደርሶ የሚመለሰው የ1,200 ኪሎሜትር ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1891 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች መንገዱን የሚጨርሱት በ90 ሰዓት ውስጥ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዞ አንድ መሪ የሚመሰገነው ለአንድ ሰዓት ስለተመቸ አይደለም፤ በየሩብ ሰዓቱ እጅን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር ስለሚፈቅድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ነርቭን የሚጎዳው የጫናው መጠን ብቻ ሳይሆን ሳይቋረጥ የሚቆይበት ጊዜ ጭምር ነው።

ቁልቁለትና ንዝረት

ምርጫው ከምቾት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት የዓባይን ሸለቆ ማሰብ ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የተጀመረው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ ለበርካታ ዓመታት በዚህ ሸለቆ አልፏል። በቁልቁለት ላይ ፍሬን ስንይዝ ሰውነታችን ወደ ፊት ይገፋል፤ ጫናውም በሙሉ ወደ መዳፍ ይመጣል። እጅ ደግሞ በዚያው ጊዜ መጨበጡን ማቋረጥ አይችልም። በጠመዝማዛው መሪ ላይ እጅ ከታች ሲሆን ጣቶች የፍሬኑን እጀታ ከማጠፊያው ርቀው ይስቡታል። በማንሻ ሕግ መሠረት ክንዱ ሲረዝም ያው የጣት ኃይል የበለጠ ሥራ ይሠራል። ጣቱ ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

ንዝረትን በተመለከተ፣ በጠጠር መንገድ ላይ ሰፋ ያለና በልኩ የተነፋ ጎማ ከማንኛውም ውድ መሪ የበለጠ ይረዳል። በመሪው ላይ የሚጠመጠመው ወፈር ያለ ጥቅልልና ስፖንጅ ያለው ጓንት ቀጥለው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ጓንት በአልናር ነርቭ አካባቢ ያለውን ግፊት ከ10 እስከ 28 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ሦስት አራተኛው ያህል ጫና ከእነ ጓንቱም እንደሚቀር ልብ ይሏል።

ከመግዛታችን በፊት

አዲስ መሪ ከመግዛት በፊት ያለውን ማስተካከል ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው። በመጀመሪያ የኮርቻውን ደረጃ እንመልከት፤ አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ ኮርቻ ጋላቢውን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል፤ እጅም ሳይወድ መደገፊያ ይሆናል። ቀጥሎ የመሪው ከፍታና ርቀት ይመጣል። ክርን በትንሹ ታጥፎ፣ ትከሻ ሳይወጠር መሪውን መድረስ አለብን። ክርናችን ከተገተረ መሪው ርቋል፤ በዚህ ጊዜ አጠር ያለ ወይም ከፍ ያለ የመሪ አንገት መፍትሔ ይሆናል። የጠመዝማዛ መሪ ስፋት ከትከሻ ስፋት ጋር እንዲቀራረብ ይመከራል፤ የተለመዱት ከ40 እስከ 44 ሴንቲሜትር ናቸው። የፍሬኑ እጀታም ጣት ሲያርፍበት አንጓው ከክንዱ ጋር ቀጥ እንዲል ተደርጎ ይታሰር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መሪ መቀየር የግድ ከሆነ ልኩን እንለካ። የቀጥተኛ መሪ መያዣ 22.2 ሚሊሜትር፣ የጠመዝማዛው 23.8 ሚሊሜትር ውፍረት ስላላቸው የአንዱ የፍሬን እጀታ ለሌላው አይሆንም። በአንገቱ የሚታሰረው የመካከሉ ክፍልም 25.4፣ 26 ወይም 31.8 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ያልተገጣጠመን በግድ ማሰር በመንገድ ላይ አደጋ ያስከትላል።

ለሁሉም ሰው የሚመች አንድ መሪ የለም፤ የሰው ክንድ፣ ትከሻና መንገድ የተለያየ ነውና። ነገር ግን ሦስት መመዘኛዎች ለሁሉም ይሠራሉ፤ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚያሳርፍ፣ ክብደትን በሰፊ ስፍራ የሚያሰራጭ፣ ለእጅም ብዙ ማረፊያ ያለው መሪ ይመረጥ። መደንዘዙ ከጉዞው ማግስት በኋላም ካልለቀቀ ወይም ጣት መዳከም ከጀመረ ብስክሌቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ጣቶቻችንንም እስኪደነዝዙ ድረስ አንቁጠራቸው ይሆናል። መንገዱ ረጅም ነውና እጃችንን በየጊዜው እናሳርፈው።